ለጃዝ የመጀመሪያዬን አርክቶፕ ጊታር ልገዛ ነው፤ የትኛውን ትመክሩኛላችሁ?

ሰምና_ክር (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች።

እስካሁን የምጫወተው ስትራቶካስተር (ድፍን ኤሌክትሪክ ጊታር) ነው፤ በሠርግ ባንድም በመዝሙርም አብሮኝ የኖረ ጊታር ነው። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ልቤ ወደ ጃዝ አዘንብሏል። አስተማሪ ይዤ ኮርድ ሜሎዲ (ዜማውንና ኮርዱን አብሮ መጫወት) እየተማርኩ ነው፤ አልፎ አልፎም ከባስና ከድራም ጋር ሦስት ሆነን እንለማመዳለን። አሁን አርክቶፕ (ፊቱ ጎበጥ ያለ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ጊታር) መግዛት ፈልጌያለሁ። ያለኝ 1,500 ዶላር ነው፤ ክሩም ሴትአፑም (ባለሙያ የሚያደርገው ማስተካከያ) ከዚሁ መውጣት አለበት። አምፕ (ድምፅ ማጉያ) አለኝ።

ቅዳሜ ዊተን ያለ የጊታር ሱቅ ሄጄ አይባኔዝ ኤኤፍ75 እና ኢስትማን ኤአር371 ሞከርኩ። አይባኔዙን እጄ ወዲያው ለመደው። ኢስትማኑን ደግሞ ያለ አምፕ አንድ ኮርድ ስመታበት ድምፁ ደረቴ ላይ ተሰማኝ። አጠገቤ ይሞክር የነበረ ሌላ ደንበኛ ግን «ሁለቱም ላሚኔት (ከተደራረበ ስስ እንጨት የተሠሩ) ናቸው፤ እውነተኛ አርክቶፕ ከአንድ ወጥ እንጨት የተፈለፈለው ነው» አለኝና ግራ አጋባኝ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ኢንተርኔት ላይ ሳነብ አመሻለሁ፤ ባነበብኩ ቁጥር ይብስብኛል።

ላሚኔት ልግዛ ወይስ ገንዘብ አጠራቅሜ የተፈለፈለውን ልጠብቅ? ሌላው ጥያቄዬ ትዝታና ባቲም መጫወቴ የማይቀር ነው፤ በዚህ ዓይነት ጊታር ይሆናል ወይ?

ዋልያ_ስዊንግ (ዲሲ)

ወንድሜ፣ አትጠብቅ። ላሚኔቱን ግዛ።

ጊብሰን ኩባንያ ታዋቂውን ላሚኔት አርክቶፕ ኢኤስ-175ን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። ዋጋው 175 ዶላር ነበር፤ መጠሪያ ቁጥሩም ከዚያ መጣ። ፊቱ የተፈለፈለ አይደለም። ስስ የእንጨት ንጣፎች በሙጫ ተደራርበው በፕሬስ እንዲጎብጡ ተደርገው የተሠራ ኮምፔርሳቶ ነው። እንዲህ የተሠራበት ምክንያት አንደኛ ዋጋው እንዲቀንስ ነው። ሁለተኛው ለእኛ የበለጠ ይጠቅመናል፤ ኮምፔርሳቶ ጠንከር ስለሚል አምፑ ከፍ ሲል ፊቱ እንደ ተፈለፈለው አይንቀጠቀጥም፣ ፊድባክም (የአምፑ ድምፅ ተመልሶ ጊታሩን ማስጮሁ) ቶሎ አይነሳበትም። የጃዝ ጊታሪስቶቹ ሄርብ ኤሊስ፣ ጂም ሆል፣ ጆ ፓስ፣ በኋላ ደግሞ ፓት ሜተኒ ስማቸው ከዚህ ጊታር ጋር የተያያዘ ነው። አንተም «የጃዝ ጊታር ድምፅ» ስትል ጆሮህ ውስጥ ያለው አብዛኛው ከዚህ ከኮምፔርሳቶ የወጣ ነው።

ድምፁን ልብ ብለህ ስማው። ኖታው ሲመታ ቶሎ ይወጣል፣ መሐሉ ወፍራም ነው፣ ከዚያ ሳይንዛዛ ይጠፋል። ከባስና ከድራም ጋር ስትሆን የምትፈልገው ይህንን ነው። ኮርድህ ቶሎ ካልጠፋ የባሱን መስመር ይሸፍነዋል፣ ከሲምባሉም ጋር ይጋጫል። ብቻህን ሳሎን ውስጥ ስትጫወት «አጭር ነው» የምትለው ድምፅ ትሪዮ ውስጥ ልክ ቦታውን ያገኛል።

ከሁለቱ እኔ የምመርጠው ኢስትማኑን ነው። ቦዲው እንደ ኢኤስ-175 16 ኢንች ነው፤ ፒክአፑም (የክሩን ድምፅ ወደ አምፕ የሚልከው ማግኔት) አንድ ብቻ፣ አንገቱ ጋ። ለጃዝ የብሪጁን (የክር መደገፊያውን) ፒክአፕ የምትነካበት ጊዜ እምብዛም ስለሆነ አንዱ ይበቃሃል። ያገለገለ ካገኘህ ለክር፣ ለሴትአፕና ለጥሩ ኬዝ የሚሆን ገንዘብ ይተርፍሃል።

ድምፀ_ሌሊት (አሌክሳንድሪያ)

ዋልያ ያለው ስለ ኢኤስ-175 ትክክል ነው፤ ግን ታሪኩን ከ1949 መጀመሩ ግማሹን ያስቀረዋል።

አርክቶፕ የተወለደው ያለ አምፕ እንዲሰማ ነው። ጊብሰን ኤል-5ን በ1922 ሲያወጣ፣ መሣሪያ ንድፍ ባለሙያው ሎይድ ሎር በድርጅቱ በነበረበት ዘመን ማለት ነው፣ ፊቱ እንደ ቫዮሊን ከስፕሩስ ተፈልፍሎ፣ ሁለት የኤፍ ቀዳዳ ተከፍቶለት፣ በነሐስ መሣሪያዎች መሐል ቆርጦ እንዲወጣ ታስቦ ነው። ጊታሪስቱ ፍሬዲ ግሪን ከ1937 ጀምሮ ካውንት ቤሲ ባንድ ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት የተጫወተው በዚህ ዓይነት ጊታር ነው፤ አምፕ የለም፣ በአንድ ባር አራት ምት፣ ክሩ ከፍ ብሎ የተወጠረ። ያ ድምፅ ከኮምፔርሳቶ አይወጣም። ኒውዮርክ ኬንሜር ጎዳና ላይ ጆን ዳንጄሊኮ በእጁ ይፈለፍላቸው የነበሩት ጊታሮችም ዛሬ ድረስ የሚፈለጉት በዚሁ ምክንያት ነው።

ሰምና ክር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። በሳምንት ስንት ሰዓት ነው አምፕ ሰክተህ የምትጫወተው? አብዛኞቻችን ልጅ ሲተኛ፣ ሶፋ ላይ፣ ያለ አምፕ ነው የምንለማመደው። የተፈለፈለ ጊታር እዚያ ሶፋ ላይ ያስተምርሃል። ቀኝ እጅህ ሲለሰልስ ይለሰልሳል፣ ስትጠነክርበት ይመልስልሃል፤ ከኮርዱ ውስጥ የትኛው ኖታ እንደደከመ ወዲያው ትሰማለህ። እኔ ኮርድ ሜሎዲ ላይ የላይኛውን ድምፅ ማውጣት የተማርኩት በዚህ ነው።

ደግሞ ዋጋው ያን ያህል ሰማይ የነካ አይደለም። ኢስትማን ራሱ ከ500ዎቹ ቁጥር ጀምሮ የተፈለፈለ ይሠራል፤ ዘ ሎር የሚባለውም የቻይና ሥሪት ኤልኤች-600 አለ። ያገለገለ በትዕግሥት ከፈለግህ 1,500 አካባቢ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ዋልያ_ስዊንግ (ዲሲ)

ድምፀ ሌሊት፣ ስለ ሶፋው ያልከውን እቀበላለሁ። ግን የተፈለፈለ ፊት ላይ ሁለት ሐምበከር (ባለ ሁለት ጥቅልል ፒክአፕ) ለመቅበር ቀዳዳ ከተከፈተበት ያ የምትወደው ድምፅ ይቀንሳል። ለዚህ ነው እንደ ጆኒ ስሚዝ ያሉ ጊታሪስቶች ፒክአፑ ፊቱን ሳይነካ ከአንገቱ ጫፍ ወይም ከፒክጋርዱ (ፊቱን ከጭረት ከሚጠብቀው ሳህን) ላይ ተንጠልጥሎ እንዲገባ የፈለጉት። ተንሳፋፊ ፒክአፕ ያለው የተፈለፈለ ጊታር ደግሞ ድራም አጠገብ ሲቀርብ መጮህ ይጀምራል። ወንድማችን ደግሞ ከድራም ጋር ነው የሚጫወተው።

ጊታሪስቱ ዌስ ሞንትጎመሪ የተፈለፈለ ኤል-5 ላይ በአውራ ጣቱ ተጫውቷል፣ ልክ ነው፤ ያኛው ግን ኤሌክትሪኩ ኤል-5 ሲኢኤስ ነው፣ ፒክአፑ እንጨቱ ውስጥ የተቀበረ። 17 ኢንችም ነው። ለመጀመሪያ ጊታር ያንን ልትመክረው አትችልም።

እማዋይሽ_ኮርድ (ቶሮንቶ)

እኔ ከእንጨቱ በፊት ትከሻውን አስብ እላለሁ።

ከስትራት ወደ 16 ኢንች ወርድና ከ3 ኢንች በላይ ውፍረት ስትሸጋገር ቀኝ ክንድህ ወደ ውጭ ይከፈታል። መጀመሪያ ላይ አይታወቅህም፤ ሁለት ሰዓት ስትለማመድ ግን ትከሻህ ይናገራል። ስለዚህ ሱቅ ስትሄድ አሥር ደቂቃ ሞክረህ አትውጣ። ቤት እንደምትቀመጠው ተቀመጥ፣ ማሰሪያውንም አድርገህ ቁም፣ ዝቅተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ ሰፊ ኮርዶችን ያዝ። 17 ኢንች ቦዲ እኔን አልተመቸኝም፤ 16 ግን እግር ማስደገፊያ ካለ ምቹ ነው።

እኔ የምጫወተው ጎዳን ፊፍዝ አቬኑ ኪንግፒን ነው፤ እዚሁ ካናዳ ኩቤክ የሚሠራ ነው። ቦዲው የካናዳ የዱር ቼሪ ላሚኔት ነው፣ ፒክአፑ ፒ-90። ፒ-90 ከሐምበከር ይልቅ ጠርዝ አለው፤ በኤሌክትሪክ ጃዝ ጊታር ፈር ቀዳጁ በቻርሊ ክርስቲያን ዘመን ወደነበረው ድምፅ ይቀርባል። ጉዳቱ ነጠላ ጥቅልል ስለሆነ አንዳንድ ቤት ኤሌክትሪኩ ይጮህበታል። መብራት ማደብዘዣ ያለበት ካፌ ውስጥ በተለይ። ቀላል ጊታር ነው፣ አውቶቡስ ላይ ይዤው እወጣለሁ። በገንዘብህ ያገለገለው በደንብ ይገኛል።

ቴሌ_ብቻ (አትላንታ)

ጥያቄህን ገልብጬ ልመልስ። እርግጠኛ ነህ አርክቶፕ እንደሚያስፈልግህ? እማዋይሽ ካለችበት ከተማ የነበረው ጊታሪስቱ ኤድ ቢከርት ከሳክስፎን ተጫዋቹ ከፖል ዴዝመንድ ጋር ያን ሁሉ የሚያምር ኮርድ የተጫወተው በቴሌካስተር (እንደ ስትራትህ ድፍን ኤሌክትሪክ ጊታር) ነው። ጆ ፓስ ራሱ ሲናነን (የአደንዛዥ ዕፅ ሱሰኞች ማገገሚያ) በነበረበት ጊዜ የያዘው ፌንደር ጃዝማስተር ነበር፤ ኢኤስ-175 የደረሰው ከዚያ በኋላ አንድ ወዳጅ ገዝቶለት ነው። ስትራትህ ላይ ወፍራም ፍላትዋውንድ (ጥቅልሉ ጠፍጣፋና ልስልስ የሆነ) ክር አስገባ፣ የአንገቱን ፒክአፕ ምረጥ፣ ቶኑን ቀንስ። 25 ዶላር አካባቢ ነው የሚፈጅብህ። ከዚያ ስድስት ወር ተጫወት።

ሰምና_ክር (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ቴሌ ብቻ፣ ወንድሜ፣ ይህንን አድርጌዋለሁ። ስትራቱ ላይ አሁን ያለው 11 ፍላትዋውንድ ነው (ቁጥሩ የቀጭኑ ክር ውፍረት ነው፣ በኢንች ሺኛ)። ድምፁ ጥሩ ሆኗል፤ ግን እጄ ላይ ያለው ስሜት ሌላ ነው። እዚያ ዊተን የኢስትማኑን ኮርድ ስመታ ጀርባው ሆዴ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያንን ነው የምፈልገው።

እማዋይሽ፣ ስለ ትከሻው ማንም አልነገረኝም ነበር፤ አመሰግናለሁ እህቴ።

ወደ ላሚኔት እያዘነበልኩ ነው። ከዚህ ብዙም ሳይርቅ ያገለገለ ኤአር371 ለሽያጭ ወጥቷል። ሄጄ ስመለከተው ምን ምን ላይ ነው ዓይኔን መጣል ያለብኝ? ጋሽ ሙጫና መሮ ካሉ ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

ሙጫና_መሮ (አዲስ አበባ)

አለሁ ልጄ። የሠራ እጅ የሚያየውን ቅደም ተከተል ልንገርህ።

መጀመሪያ ብሪጁን ተመልከት። አርክቶፕ ላይ ብሪጁ አልተለጠፈም፣ በብሎንም አልተያዘም፤ የክሩ ውጥረት ብቻ ነው ፊቱ ላይ ተጭኖ የያዘው። ሁለት ክብ ማስተካከያ ጎማዎች አሉት። ጎማዎቹ እስከ ታች ወርደው አልቀው ክሩ 12ኛው ፍሬት ላይ አሁንም ከፍ ያለ ከሆነ የአንገቱ ማዕዘን ተበላሽቷል ማለት ነው። ይህንን ለማስተካከል አንገቱ መነቀል አለበት። ሥራው ከጊታሩ ዋጋ ጋር ሊተካከል ይችላል፤ ስለዚህ ምንም ያህል ቢረክስ ትተኸው ሂድ። ጎማዎቹ መሐል ላይ ካሉና ክሩ ወፍራሙ ጋ 2 ሚሊ ሜትር፣ ቀጭኑ ጋ 1.5 አካባቢ ከሆነ ጤነኛ ነው።

ቀጥሎ የብሪጁን እግር ሞክር። ቀጭን ወረቀት ይዘህ በእግሩና በፊቱ መሐል ለማስገባት ሞክር። ከየትኛውም ጎን ከገባ እግሩ ፊቱ ላይ በደንብ አልተገጠመም። ይህ የሚያስፈራ ጉድለት አይደለም፤ ጊታር ሠሪ በብርጭቆ ወረቀት የፊቱን ጉብታ ተከትሎ ያስተካክለዋል። ድምፁ ግን ምን ያህል እንደሚለወጥ ብትሰማ ትገረማለህ። አዲስ ከሳጥን የወጡትም ብዙዎቹ ይህ ይጎድላቸዋል። ሰው ፒክአፕ ይቀይራል፣ አምፕ ይቀይራል፤ ጉድለቱ ግን እዚያ እግር ሥር ያለች ፀጉር የምታህል ክፍተት ሆና ትገኛለች።

ሦስተኛ የስልክህን መብራት አብራና በአንዱ የኤፍ ቀዳዳ አስገብተህ በሌላው ተመልከት። ከፊቱ ሥር ሁለት የእንጨት ዘንጎች ርዝመቱን ይዘው ይሄዳሉ፤ በአንዳንዱ ደግሞ ተጠላልፈው ነው የተሠሩት። ሙጫው ለቅቆ ጥቁር መስመር የሚታይበት ቦታ አለ? ከዚያ ፊቱን በጣትህ መገጣጠሚያ ቀስ እያልክ እየዞርክ አንኳኳ። ከዘንጉ የተላቀቀ ካለ ዝርክርክ ድምፅ ይሰጥሃል። የፊቱንም ጉብታ ከጎን ዓይንህን ዝቅ አድርገህ እየው፤ ብሪጁ ሥር ከሰመጠ አይሆንም።

አንገቱን ለማየት ወፍራሙን ክር አንደኛውና 14ኛው ፍሬት ላይ ጫን። ሰባተኛው ላይ ወፈር ያለ ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት ሊኖር ይገባል። ክፍተት ከሌለ ወይም ሳንቲም የሚያስገባ ከሆነ የአንገቱ ብረት ይዞርለታል፤ ግን ብረቱ መሥራቱን ሻጩ ፊትህ ያሳይህ። በመጨረሻ እያንዳንዱን ኖታ በእያንዳንዱ ክር ላይ እስከ 15ኛው ፍሬት ድረስ ቀስ ብለህ ተጫወት። ሙሉ ጊዜ ይወስዳል፤ ሻጩ ቢቸኩልም አንተ አትቸኩል። የጅራቱን (ክሮቹ ከታች የሚታሰሩበትን ብረት) ማጠፊያና የያዙትን ብሎኖች፣ የፒክጋርዱን መያዣ በእጅህ ነቅነቅ። አርክቶፕ ላይ ዝዝ የሚል ድምፅ ሲሰማ ከአሥር ዘጠኙ ከነዚህ የላላ ነገር ነው።

ድምፀ ሌሊት ስለ ተፈለፈለው የተናገረው ከልቡ ነው፤ ድምፁንም እኔ እወደዋለሁ። ለመጀመሪያ ጊታር ግን አንድ ነገር አልተነሳም። ወጥ እንጨት አየር ሲደርቅ ይሰነጠቃል። እናንተ ጋ ክረምት ማሞቂያ ሲበራ የቤቱ አየር ይደርቃል፤ የተፈለፈለ ጊታር ያለው ሰው እርጥበቱን ከ45 እስከ 55 በመቶ ለመያዝ ዕለት ተዕለት መከታተል አለበት። ኮምፔርሳቶ ንጣፎቹ እርስ በርስ ስለሚያያዙ ይህንን በተሻለ ይችላል። ለጀማሪ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ድምፀ_ሌሊት (አሌክሳንድሪያ)

ጋሼ፣ እርጥበቱን በተመለከተ ልክ ነዎት፤ እኔ ኬዙ ውስጥ መለኪያና እርጥበት መስጫ አስቀምጬ ነው የምከርመው። ለዚያ የማይሰለች ሰው ብቻ ይግዛው። አቋሜን ባልለውጥም ለሰምና ክር ኤአር371 ጥሩ ጊታር መሆኑን አልክድም። ያለ አምፕም ከሌሎቹ ላሚኔቶች የተሻለ ይናገራል።

ሰምና_ክር (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህንን በወረቀት ገልብጬ ነው የምሄደው።

የትዝታና የባቲ ጥያቄዬ ግን ሳይመለስ ቀረ። ስትራቱ ላይ ክር እየጎተትኩ ነው የማስጌጠው። አርክቶፕ ላይ ይቻላል?

እማዋይሽ_ኮርድ (ቶሮንቶ)

ይህ ጥያቄ የእኔ ነው።

ባለ 12 ፍላትዋውንድ ላይ መጎተት እርሳው። ሦስተኛው ክር ራሱ የተጠቀለለ ነው፤ ለምሳሌ የዳዳሪዮ ክሮምስ ባለ 12ቱ 12፣ 16፣ 24፣ 32፣ 42፣ 52 ነው። ያንን 24 ሙሉ ድምፅ ልጎትት ብትል ጣትህ ይጎዳል፤ በዚያ ላይ በኃይል የተጎተተ ክር ተንሳፋፊውን ብሪጅ ቀስ በቀስ ከቦታው ያንሸራትተዋል።

ግን ትዝታ መጎተት ብቻ አይደለም። መሰንቆ የሚጫወት ሰው ግራ እጅ ብታይ ጣቱ ክሩ ላይ ወደ ኖታው ተንሸራቶ ነው የሚደርሰው፣ ከዚያ ይንቀጠቀጣል። ፍላትዋውንድ ለዚህ የተሠራ ይመስላል፤ ክሩ ልስልስ ስለሆነ ስትንሸራተት የሚንሿሸው ድምፅ የለም። ከታችኛው ፍሬት ወደ ላይኛው ተንሸራተት፣ መድረሻው ላይ ቪብራቶ ስጠው። ለባቲም እንደዚሁ፤ ፈጣን የሆኑትን ጌጦች በቀኝ እጅ ሳትመታ በግራ ጣትህ ብቻ መዶሻ አድርገህ አውጣቸው። አርክቶፕ ኖታውን ቶሎ ስለሚጥለው ጌጡ አይዝረከረክም፣ ክራር ላይ እንደምትሰማው ጥርት ብሎ ይወጣል።

ፈጽሞ መጎተቱን ካልተውክ ባለ 11 ክር ግዛና ሦስተኛውን አውጥተህ ያልተጠቀለለ 20 አስገባበት። ድምፁ ላይ ትንሽ ይሳሳል፤ የብሪጁም ልክ ለዚያ ክር ይቀየራል። እኔ አንድ ዓመት እንዲህ ተጫውቼ ወደ ተጠቀለለው ተመልሻለሁ፤ ኮርድ ሜሎዲ ላይ ያልተጠቀለለው ሦስተኛ ክር ከሌሎቹ ወጥቶ ይጮሃል።

ዋልያ_ስዊንግ (ዲሲ)

እማዋይሽ የጻፈችው ላይ አንድ ልጨምር። ክሩ የሚከብድህ ከሆነ ቶማስቲክ ጃዝ ስዊንግ ሞክር። ባለ 12ቱ እንኳ ከክሮምስ ይልቅ ለጣት ይለሰልሳል፤ ድምፁም ቶሎ አይሞትም፣ ወራት ይቆያል። ውድ ነው፤ ግን በዓመት የምትቀይረው ጥቂት ጊዜ ስለሆነ ይካካሳል። ፎስፈር ብሮንዝ የሚባለውን የአኮስቲክ ክር ግን አታስገባ፤ ፒክአፑ በማግኔት ስለሚሠራ ብረቱን በደንብ አይሰማውም፣ ክሮቹ መሐል ድምፁ ይበላለጣል።

አዲስ_ጀማሪ (አዲስ አበባ)

ይቅርታ፣ ውይይቱን ላቋርጥ። እዚህ ሱቅ ውስጥ ስጠይቅ አብዛኛው ድፍን ኤሌክትሪክና ተራ አኮስቲክ ነው፤ አርክቶፕ ሳላገኝ ቆይቻለሁ። የአጎቴ ልጅ ከአሜሪካ በመስከረም ይመጣል፤ አይባኔዝ ኤኤፍ75 ሊያመጣልኝ ቃል ገብቷል። በአውሮፕላን እንዴት ይምጣ? ክሩን ሁሉ ይፍታው?

ሙጫና_መሮ (አዲስ አበባ)

ሁሉንም አይፍታው! ክሩ ሙሉ በሙሉ ከተፈታ ብሪጁ ይወድቃል፤ ጅራቱም ተንጠልጥሎ ፊቱን ይቧጥጣል። እያንዳንዱን ክር አንድ ወይም አንድ ተኩል ድምፅ ያህል ብቻ ያውርደው። ከጅራቱ ሥር ለስላሳ ጨርቅ ያስገባ፤ ክሮቹና ፊቱ መሐልም ከብሪጁ ግራና ቀኝ ጨርቅ ይጠቅጥቅ፣ ቢንሸራተት እንኳ ቀለሙን እንዳይፍቅ። ከሁሉ በላይ ግን የአንገቱን ጫፍ ይጠብቅ። ሻንጣው ሲወረወር የሚሰበረው መቃኛዎቹ ያሉበት ጭንቅላቱ ነው። ከአንገቱ ሥር ፎጣ ያስገባና ጭንቅላቱ ከሻንጣው ግድግዳ ጋር የትም ሳይነካካ አየር ላይ እንዲቆም ያድርግ። ጠንካራ ኬዝ እንጂ የጨርቅ ቦርሳ አይሆንም።

ከደረሰ በኋላ ኬዙን ሳይከፍት ግማሽ ቀን ያቆየው፤ ቅዝቃዜውን ቀስ ብሎ ይልቀቅ። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ከጥቅምት እስከ ጥር አየሩ ደረቅ ነው። በመስከረም የተስተካከለ አንገት በኅዳር ሊንቀሳቀስ ስለሚችል ሴትአፑን አየሩ ሲደርቅ አንድ ጊዜ መድገም ያስፈልገዋል። ኤኤፍ75 ላሚኔት በመሆኑ ለእኛ አየር ጥሩ ምርጫ ነው።

ሰምና_ክር (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ገዛሁት! ያገለገለውን ኢስትማን ኤአር371፣ ከጠንካራ ኬዙ ጋር በ900 ዶላር።

ጋሼ በነገሩኝ ቅደም ተከተል ነው ያየሁት። የብሪጁ ጎማዎች መሐል ላይ ናቸው፣ ውስጡ ንጹሕ ነው፣ አንገቱም ደህና ነው። ወረቀቷ ግን ከቀጭኑ ክር በኩል እግሩ ሥር ገባች። ለባለቤቱ ባሳየው አልተከራከረም፣ ከጠየቀው 50 ዶላር ቀነሰልኝ። ትናንት አንድ ጊታር ሠሪ እግሩን አስተካክሎልኛል፤ ጋሼ እንዳሉት የላይኛው ክር ሌላ ጊታር ሆኗል፣ ሞልቶ ነው የሚወጣው። እማዋይሽ ባለችኝ መንገድ ትዝታን በማንሸራተት ሞክሬ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም።

ሁለት ችግር አለኝ። ክሩን ራሴ ቀይሬ 12 አስገባሁ፤ አሁን ከፍ ያሉት ፍሬቶች ላይ ኮርዱ ከቃና ይወጣል። ሌላው ልምምድ ላይ የስድስተኛው ክር ጂና ኤ ስመታ አምፑ ያገሳል።

ድምፀ_ሌሊት (አሌክሳንድሪያ)

እንኳን ደስ ያለህ! ለማገሳቱ የሚሆነውን ልንገርህ፤ እኔ በዚህ ብዙ ተፈትኛለሁ።

ባዶ ቦዲ የራሱ ቃና አለው፤ ብዙ ጊዜ አንተ ያልከው ጂና ኤ አካባቢ ነው። አምፑ ያንን ኖታ ሲልክ ቦዲው አብሮ ይነሳል፣ ፒክአፑ መልሶ ይይዘዋል። ስለዚህ መጀመሪያ አምፑን ከወለል አንሳው፣ ወንበር ላይ አድርገው፤ ወለሉ ነው ወፍራሙን ድምፅ የሚያበዛው። ቤዙን በጣም ቀንስ፣ ካሰብከው በላይ። ከአምፑ ፊት ለፊት አትቁም፤ ሰውነትህ በጊታሩና በአምፑ መሐል ይሁን። ይህ ሁሉ ካልበቃ ለስላሳ ስፖንጅ በኤፍ ቀዳዳው ልክ ቆርጠህ ወትፍበት፤ ቤት ስትመለስ አውጣው። ቶኑን ዜሮ አታድርሰው፤ ሰው ጃዝ ሲባል ሁሉንም ይዘጋዋል፣ ከዚያ አምፑን ለመሰማት ከፍ ያደርጋል፣ ማገሳቱም ይመጣል። ግማሽ አካባቢ ተወውና ቀኝ እጅህን ወደ አንገቱ አስጠጋ።

ሙጫና_መሮ (አዲስ አበባ)

እንኳን ለዚህ አበቃህ ልጄ። ከቃና የወጣው ክሩን ስትቀይር ብሪጁ ስለተንቀሳቀሰ ነው፤ የክሩ ውፍረትም ሲለወጥ ቦታው ይለወጣል።

መቃኛ ሰክተህ ክሩን በትክክል ቃኝ። ከዚያ ቀጭኑን ክር 12ኛው ፍሬት ብረት ላይ ጣትህን ሳትጫን ነክተህ ሃርሞኒኩን አውጣ፤ ቀጥሎ እዚያው ፍሬት ላይ ተጭነህ ምታው። ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። ተጭነህ የመታኸው ከፍ ካለ ብሪጁን ወደ ጅራቱ፣ ዝቅ ካለ ወደ አንገቱ ግፋው። የምትገፋው እግሩን ይዘህ ነው፣ የላይኛውን አይደለም፤ ክሩን ትንሽ አላላ፣ የፀጉር ያህል አንቀሳቅስ፣ መልሰህ ቃኝና እንደገና ሞክር። ቀጭኑ ሲስተካከል በዚያው መንገድ ወፍራሙን አስተካክል፤ ብሪጁ ትንሽ ሰያፍ ሆኖ ይቀመጣል፣ ልክ ነው። አንዱን ስታስተካክል ሌላው ስለሚነቃነቅ ሁለት ሦስት ጊዜ ትመላለሳለህ።

ሲያልቅ ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን በቀላሉ የሚለቅ ፕላስተር ወስደህ ከእግሩ ፊትና ኋላ ምልክት አድርግ። ከዚህ በኋላ ክር ስትቀይር አንድ በአንድ ቀይር። አንዱን ፈትተህ አዲሱን ወጥረህ ወደ ቃናው ካደረስክ በኋላ ነው ቀጣዩን የምትነካው፤ እንዲህ ካደረግህ ብሪጁ ከቦታው አይነሳም። ምልክቱን ግን ቀለሙ ላይ ለሳምንታት አትተወው፤ በቀጭን እርሳስ ወረቀት ላይ ርቀቱን ለክተህ ጻፍና ኬዙ ውስጥ አስቀምጠው።